አንገት ላይ የሚውል ካሜራ፦ ለጉዞ ዲኤስኤልአር መምረጥና መጠቀም

ፎቶ ማንሳት ሊማር የመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የሚቀድሙት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ወዴት ሊሄዱ ነው? ካሜራውን ይዘው በእግር ስንት ሰዓት ይጓዛሉ? ላሊበላን ሊሳለም የተነሣ፣ ስሜንን በእግሩ ሊያቋርጥ ያሰበ፣ ለጥምቀት ጎንደር ሊገባ የተዘጋጀ፣ ሦስቱም «ለጉዞ ነው» ይላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ዕቃ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

እኔ ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው፦ ለጉዞ የሚሆነው ካሜራ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ መዋል የሚችለው ነው፤ ገንዘቡም ከቦዲው፣ ማለትም ከካሜራው አካል፣ ይልቅ ለሌንሱ ይውጣ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብርሃንን ማወቅ ነው። ለእሱ ሰፋ ያለ ቦታ የምሰጠው ከካሜራ ጋር የሚመጡት መመሪያዎች ስለ እኛ ፀሐይ፣ ስለ ነጭ ነጠላችንና ስለ ጠይም ፊታችን የሚሉት ነገር ስለሌለ ነው።

ዲኤስኤልአር ዛሬም ለምን?

የዲኤስኤልአር ካሜራ ልቡ መስታወቱ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን ከሌንሱ ጀርባ አጋድሎ በተቀመጠ መስታወት ላይ ያርፋል፤ መስታወቱ ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ዓይናችንን ወደምናስጠጋበት ትንሽ መስኮት ይደርሳል። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚከልለው መጋረጃ፣ ይከፈታል፣ ብርሃኑም በቀጥታ ፎቶውን በሚመዘግበው ሴንሰር ላይ ያርፋል። ያ የለመድነው «ቻክ» የሚል ድምፅ ከመስታወቱና ከሹተሩ እንቅስቃሴ የሚመጣ ነው። እንግዲህ በመስኮቱ ውስጥ የምናየው የስክሪን ምስል ሳይሆን በሌንሱ አልፎ የመጣውን ራሱን ብርሃን ነው።

ለመንገደኛ ይህ ሁለት ጥቅም አለው። በቀትር ፀሐይ የካሜራውን የኋላ ስክሪን ማየት ይቸግራል፤ በመስኮቱ ግን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ባትሪ ነው። እየቃኘን ሳለ ሴንሰሩም ስክሪኑም ስለማይሠሩ ኃይል አይባክንም። በአምራቾቹ የጋራ መለኪያ የኒኮን ዲ3500 አንድ ባትሪ 1,550 ፎቶ፣ የካነን 250ዲ ደግሞ 1,070 ፎቶ ያነሣል፤ ብዙዎቹ ትንንሽ መስታወት አልባ ካሜራዎች፣ ሚረርለስ የሚባሉት፣ በዚያው መለኪያ ከ300 እስከ 400 ላይ ይቆማሉ። መብራት በሌለበት የስሜን ካምፕ ተከታታይ ሌሊት የሚያድር ሰው ይህን ልዩነት በሁለተኛው ቀን ያውቀዋል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ ስላዞሩ አዲስ የሚሠራው ዲኤስኤልአር ጥቂት ነው። ያገለገለው ግን በገበያው ሞልቷል፤ ዋጋውም ወርዷል። ለጀማሪ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ዋና ሥራው ቪዲዮ የሆነ ወይም ድምፅ ማሰማት በማይገባበት ቦታ ብዙ የሚያነሣ ሰው ግን ከመጀመሪያው ሚረርለስ ቢገዛ ይሻለዋል።

ቦዲው

በዲኤስኤልአር ገበያ ሁለት የሴንሰር መጠኖች በብዛት ይገኛሉ። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው በኒኮን 23.5 በ15.6 ያህል ነው፤ የካነን ትንሽ ያንሳል። በስፋት ሲለካ ፉል ፍሬሙ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ በጨለማ ቦታ የጠራ ፎቶ ይሰጣል። ክብደቱና ዋጋው ግን አብረው ይጨምራሉ። ዲ3500 ከባትሪው ጋር 415 ግራም ነው፤ አብሮት ይሸጥ የነበረው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲጨመርበት 620 ግራም ገደማ ይሆናል። ፉል ፍሬም የሆነው ዲ750 ያለ ሌንስ ብቻውን 840 ግራም ይመዝናል፤ ደህና ሌንስ ሲገጠምለት ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልፋል።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትንፋሽ አጥሮ ዳገት ሲወጣ አንድ ኪሎ ብዙ ነው። ካሜራው ከበደ ማለት ወደ ቦርሳ ገባ ማለት ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ካሜራ ደግሞ መንገድ ዳር ብቅ ብላ የጠፋችውን ቀይ ቀበሮ አያነሣም። ስለዚህ ከሥራው እንጀራ ለማይበላ ሰው ምክሬ ኤፒኤስ-ሲ ነው። ከካነን 200ዲ እና 250ዲ፣ ከኒኮን ዲ3500 እና ዲ5600 ለጉዞ የሚመቹ ቀላል ቦዲዎች ናቸው። አንድ ደረጃ ከፍ ሲሉ የካነን 80ዲ እና የኒኮን ዲ7500 አሉ፤ ጠንከር ያሉ ናቸው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የሚዞሩ ሁለት ጎማዎችም ስላሏቸው ማስተካከያው ይፈጥናል።

ስለ ሜጋፒክስል ብዙ አይጨነቁ። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው፤ በጥሩ የኅትመት ጥራት 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ያህል ሥዕል ይወጣዋል። ለቤት ግድግዳ ከበቂ በላይ ነው።

ገንዘቡ የሚውልበት ሌንስ

ከካሜራው ጋር የሚመጣውን 18-55 ሌንስ ብዙ ሰው ይንቀዋል። አይናቁት። በ18 ላይ ሰፊ መልክዓ ምድር ይይዛል፣ በ55 ላይ ደግሞ ለፊት ፎቶ ይሆናል፣ ቀላል ነው፣ አሁን ያሉት ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ መሣሪያ አላቸው። በቀን ብርሃን ከእሱ የሚገኘውን ፎቶ ብዙ እጥፍ ከሚያወጣ ሌንስ ፎቶ ለይቶ ማወቅ ለብዙ ተመልካች ይከብዳል።

ድክመቱ ጨለማ ላይ ነው። በ55 ላይ ሲሆን ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ስለዚህ ኤፍ 1.8 ላይ የሚከፈት ሌንስ ከኤፍ 5.6 ይልቅ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በተግባር ይህ ምን ማለት ነው? ከዓለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በበርና በመስኮት ሾልኮ በሚገባ ብርሃን ብቻ ሊያነሡ ነው እንበል። አይኤስኦውን (ትርጉሙ ወደ ታች ይመጣል) 3200 ላይ አድርገው በኤፍ 1.8 ሹተሩ 1/60 ሰከንድ ቢጠይቅ፣ በኤፍ 5.6 ያው ትዕይንት 1/6 ሰከንድ ገደማ ይጠይቃል። በ1/60 የቆመ ዲያቆን ጥርት ይላል። በ1/6 ግን የእርስዎ እጅ ባይንቀጠቀጥ እንኳ እሱ ራሱን ሲያዘነብል ፊቱ ይደበዝዛል፤ የሌንሱ መንቀጥቀጥ መቀነሻ የእርስዎን እጅ እንጂ የእሱን ንቅናቄ አያስቆምም።

ለዚህ ነው ከ18-55 ቀጥሎ ዙም የሌለው፣ ኤፍ 1.8 የሚከፈት አንድ ትንሽ ሌንስ ይግዙ የምለው። በየድርጅቱ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አለ፤ ከሌንሶች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ኤፒኤስ-ሲ ላይ እይታው ይጠባል፤ በኒኮን የ75፣ በካነን የ80 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ለፊት ፎቶ ውብ ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ጀርባዎ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ያስኬድዎታል። ኒኮን ላለው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ለጉዞ ይሻላል። ካነን ላለው ደግሞ እንደ ብስኩት የሳሳች 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ አለች፤ 125 ግራም ብቻ ናት፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ ትገባለች። የኤፍ 1.8ን ያህል ባትከፈትም እይታዋ ሰፋ ያለ በመሆኑ ለቤት ውስጥ ትመቻለች።

ሦስተኛ ሌንስ የሚያስፈልገው እንስሳ ለሚያነሣ ነው። ለጭላዳ ዝንጀሮና ለዋልያ 70-300 ወይም 55-250 ይበቃል። ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ሲበሉ ሰውን ብዙም አይሸሹም፤ ስለዚህ ከባድ መድፍ የሚያህል ሌንስ ተሸክሞ ሳንቃበር ድረስ መውጣት አያስፈልግም። ቀይ ቀበሮና ወፍ የሚከታተል ሰው ግን ከ300 ያነሰ ያጥረዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለኒኮን ገዢዎች። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ በቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። ሞተር የሌለው የቆየ ሌንስ ከገዙ ይገጥማል፣ ያነሣል፣ ፎከሱን ግን በእጅ ማዞር ግድ ይሆናል። ስሙ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ካለበት ሞተር አለው፤ ቦዲው ከድሮዎቹ ከሆነ ግን ኤኤፍ-ፒውን ገጥመው ፎከስ ሲያደርግ ሳያዩ አይግዙ። በካነን በኩል ችግሩ ቀላል ነው፤ ከ1987 ጀምሮ የተሠሩ የኢኤፍ ሌንሶች ሁሉ በዲኤስኤልአር ቦዲዎቹ ላይ ይሠራሉ። ለትንሹ ሴንሰር የተሠሩት ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች ግን ፉል ፍሬም ላይ አይገጥሙም።

ያገለገለ ሲገዙ

ሻጩ ቸኩሎ ቢያቻኩልዎትም ግማሽ ሰዓት ይጠይቁ። የራስዎን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ይሂዱ። በመጀመሪያ ነጭ ግድግዳ ወይም ደመና የሌለው ሰማይ በኤፍ 16 ያንሡና ፎቶውን አጉልተው ይዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይጸዳም። ከዚያ ሌንሱን ፈትተው የስልክዎን መብራት በአንድ ጫፍ አብርተው በሌላው ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ነገር ካዩ ሻጋታ ነውና ይተዉት፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ።

ሹተር ካውንት የሚሉት፣ ካሜራው እስካሁን ስንት ጊዜ እንዳነሣ የሚናገረው ቁጥር ነው። ለጀማሪ ቦዲዎች የሹተር ዕድሜ 100,000 ገደማ ይገመታል፤ ለባለሙያ የተሠሩት 150,000 እና ከዚያ በላይ ናቸው። በኒኮን ቁጥሩ ከፎቶው ፋይል ጋር ስለሚመዘገብ አንድ ፎቶ አንሥቶ በኮምፒውተር ማየት ይቻላል፤ በብዙ የካነን ሞዴሎች ግን ከፋይሉ አይገኝም። በሠርግ ሥራ ላይ የዋለ ቦዲ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ያ ብቻውን መጥፎ አያደርገውም፣ ዋጋውን ግን መቀነስ አለበት።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ የሚያመጣልዎት ከሆነ ቻርጀሩ አያሳስብዎ። ከካሜራው ጋር የሚመጡት የካነንና የኒኮን ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ የሚለየው ሶኬቱ ላይ የሚሰካው እግር ብቻ ነው። ደረሰኙን ግን አስልከው ያስቀምጡ፤ ከአገር ይዘው ወጥተው ሲመለሱ የራስዎ ስለመሆኑ ማስረጃ ይሆንዎታል። ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይደለም።

ሦስቱ ማስተካከያዎች

ብርሃኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አፐርቸር፣ ማለትም የቀዳዳው ስፋት፤ ሹተር፣ ማለትም የሚከፈትበት ጊዜ፤ አይኤስኦ፣ ማለትም የተቀበለው ብርሃን በምን ያህል ጎልቶ እንደሚመዘገብ። አንዱ በእጥፍ ሲጨምር ሌላው በእጥፍ ከቀነሰ የፎቶው ድምቀት አይለወጥም። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ከፎከስ ውጭ ያለው ይደበዝዛል፣ ሹተሩ ሲዘገይ የሚንቀሳቀሰውም ይደበዝዛል፣ አይኤስኦ ሲጨምር ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል።

መንገድ ላይ ሦስቱንም በእጅ መቆጣጠር ሥራ ያበዛል። በካነን ኤቪ፣ በኒኮን ኤ የሚለውን ይምረጡ፤ አፐርቸሩን እርስዎ ይወስናሉ፣ ሹተሩን ካሜራው ያሟላል። ለመልክዓ ምድር ኤፍ 8፣ ለአንድ ሰው ፊት ከኤፍ 2.8 እስከ 4 ይበቃል። አይኤስኦውን በራሱ እንዲጨምር ያድርጉና ጣሪያውን 3200 ወይም 6400 ላይ ይገድቡ። የሹተሩን ቁጥር ግን ከዓይንዎ አይለዩ። የቆመ ሰው 1/125፣ የሚራመድ 1/250፣ በጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ የሚረጨው ውኃ 1/500 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አሸዋ ያለበት ፎቶ ይታያል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን ይጣላል። በሁለቱ መካከል መምረጥ ካለብዎ አይኤስኦውን ያለ ፍርሃት ይጨምሩ።

የፋይሉን ዓይነት ሮው፣ ማለትም ሴንሰሩ የመዘገበውን እንዳለ የሚይዘውን፣ ያድርጉት። አንዱ ፋይል ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ስለሚሆን 64 ጊጋ ካርድ ሁለት ሺህ ገደማ ይይዛል። በጄፔግ የጠፋ ጥላ አይመለስም፤ በሮው ግን ብዙው ይመለሳል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ቀጥሎ ይታያል።

ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት

የእኛ አገር ፎቶ አንሺ ከሁሉ አስበልጦ ሊማረው የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሳያውቁት ዓመታት የሚያነሡ ብዙ ናቸው።

የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል አያውቅም። ፊቱ ያለው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር ነው ብሎ ይነሣል። ሣርና የተለመደ መንገድ ሲያይ ግምቱ ይሠራል። በገና ዕለት ላሊበላ ቤተ ማርያም ዙሪያ የቆመውን ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ ግን ይሳሳታል። ነጭ ጥጥ አብዛኛውን ብርሃን ይመልሳል፤ መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ከነጠላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ዓይኑ እስከማይታይ ይጨልማል።

መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ሲሞላው መደመር አንድ ላይ ያድርጉ። በተቃራኒው ጨለማ ጎጆ በር ላይ የተቀመጡ እናት ሲያነሡ ከጀርባቸው ያለው ጥቁር ፍሬሙን ይገዛዋል፤ መለኪያው ብርሃን ይጨምራል፣ ግንባራቸውም ይቃጠላል። እዚያ መቀነስ አንድ ያድርጉ። ነጭ በበዛበት መደመር፣ ጥቁር በበዛበት መቀነስ፤ መጀመሪያ ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል፣ ምክንያቱን ሲያውቁት ግን አይረሳም።

ችግሩ ግን እዚህ አያበቃም። ለፊቱ ብለን ስንደምር ነጠላው ሊቃጠል ይችላል። የተቃጠለ ነጭ ሮው ላይም አይመለስም፤ ጥለቱ፣ የድሩ አሠራር፣ እጥፋቱ ሁሉ ባዶ ወረቀት ይሆናል። የካሜራውን የሚያብለጨልጭ ማስጠንቀቂያ ይክፈቱት፤ የተቃጠለው ክፍል ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ነጠላው ብልጭ ሳይል እስከሚችለው ድረስ ይደምሩ፤ የቀረውን ፊት በኋላ ከሮው ላይ ያነሡታል። ከዚህ የተሻለው መንገድ ግን ሰውየውን ወደ ጥላ ማምጣት ነው። በጥላ ውስጥ በነጠላውና በፊቱ መካከል ያለው የብርሃን ርቀት ስለሚቀንስ ሁለቱም አንድ ፍሬም ውስጥ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ነጠላው ራሱ ረዳት ይሆናል። ሰው በር ላይ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አድርጎ ሲቀመጥ ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ከውጭ የገባውን ብርሃን ወደ አገጩና ወደ ዓይኖቹ ሥር ይመልሰዋል። የስቱዲዮ ሰዎች በነጭ ሰሌዳ የሚሠሩትን ሥራ የእኛ እናቶች ለብሰውት ይዞራሉ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከጎን በሚመጣ ለስላሳ ብርሃን እጅግ ያምራል፤ የጉንጩ አጥንት፣ የግንባሩ መስመር በሚመለሰው ነጸብራቅ ይሣላል። ስለዚህ ፊቱን «ለማንጣት» አይታገሉ። ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ቦታ ይለውጡ።

ከሰማይ ትይዩ የቆመ ሰው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። በስሜን ገደል ጫፍ ላይ አስጎብኚዎን ቢያነሡት ከጀርባው ያለው ሰማይ መለኪያውን ይስበዋል። መለኪያውን ስፖት ላይ አድርገው ጉንጩ ላይ ይለኩ። ስፖት አንድ ትንሽ ነጥብ ብቻ ስለሚያይ ሰማዩ አያታልለውም። የፊቱ ቀለም ጥቁር ከሆነ ግን መለኪያው እሱንም ግራጫ ሊያደርገው ስለሚፈልግ ከለኩት ላይ አንድ ያህል ይቀንሱ፤ መካከለኛ ጠይም ከሆነ እንዳለ ይሠራል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ሥሩ ሩቅ ነው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልካቸው የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ለረጅም ዘመን የነጭ ሴቶች ሥዕል ነበሩ፤ የ«ትክክለኛ» ቆዳ መለኪያው እሱ ነበር። ዲጂታሉ ብዙ አሻሽሏል። ሆኖም ራስ-ሠር አሠራሩ ዛሬም ለእኛ ፊት ሁልጊዜ አይፈርድም፤ ፈራጁ ቁልፉን የሚይዘው ሰው ነው።

ፀሐያችን

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፤ በአውሮፓ ረዘም ብሎ የሚቆየው ወርቃማ የማታ ብርሃን እዚህ በፍጥነት ያልፋል። ደጉ ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል እስከ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው። ቁርስ በልቶ 3 ሰዓት ላይ የሚወጣ መንገደኛ የቀኑን ደግ ብርሃን ግማሽ አሳልፏል።

በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በቀትር በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ በሌላውም ወር ብዙ አትርቅም። ያኔ የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይውጠዋል። በቀትር ሰው ማንሳት ካለብዎ የዛፍ ወይም የበረንዳ ጥላ ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ጀርባውን ወደ ፀሐይ አዙረው በትንሽ ፍላሽ ፊቱን ይሙሉ። ለጠለቀ ነገር ግን ቀትር ይጠቅማል። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ ማለዳ ላይ አናቱ ሲበራ እግሩ ጥቁር ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃኑ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ቀጭን ደመና ያለበት ቀን ካገኙ ደግሞ ሁሉም እኩል ይበራል። ከላይ ሆነው የመስቀሉን ቅርጽ ሲያነሡ 18 ሚሊ ሜትር ይበቃል። እዚያ አፋፍ ላይ ዓይንዎን መስኮቱ ላይ አስጠግተው አንድ እርምጃ እንኳ አይንቀሳቀሱ፤ ካሜራውን አውርደው፣ መሬቱን አይተው ይራመዱ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ

መጀመሪያ ፈቃድ ነው፤ ካህኑን ወይም ጠባቂውን ይጠይቁ። ፍላሽ ያጥፉ። የጥንት ሥዕል ተደጋጋሚ የፍላሽ ብርሃን እንዳይመታው መጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ ከዚያም በላይ በጸሎት ላይ ያለ ሰው ዓይን ላይ መብራት መልቀቅ ነውር ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ለማንሳት ትራይፖድም ፍላሽም አያስፈልግም። ካሜራውን ደረትዎ ላይ አስደግፈው ሌንሱን ወደ ላይ ያዙሩ፣ የ2 ሰከንድ ማዘግያውን ይጠቀሙ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ። ጣሪያ ስለማይንቀሳቀስ 1/10 ሰከንድም ይሠራል። ብዙ ዲኤስኤልአሮች ድምፅ የሚቀንስ የሹተር ምርጫ አላቸው፤ በቅዳሴ ጊዜ እሱን ያብሩ፤ ይልቁንም በቅዳሴ መካከል ካሜራውን ያውርዱት።

አቧራ፣ ብርድ፣ ሙቀት

በበጋ መንገድ ላይ የሌንስ ጠላት አቧራ ነው። ሌንስ በነፋስ መካከል አይቀይሩ፤ ግድ ከሆነ መኪና ውስጥ ገብተው፣ ካሜራውን አጥፍተው፣ አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቀው ይቀይሩ። ሴንሰሩን በአፍ መንፋት ምራቅ መርጨት ነው፤ ትንሽ የጎማ መንፊያ ይያዙ። በዳሎል ደግሞ ጨውና አሲድ ያለበት ጭስ ስላለ አንድ ሌንስ ገጥመው ገብተው ሳይፈቱ ይውጡ፤ ማታ ቦዲውን በመጠኑ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ።

ብርድ ባትሪን ያዳክማል። በስሜን ሌሊት ባትሪውን አውጥተው ከእርስዎ ጋር መኝታ ውስጥ ያሳድሩት፤ የሞተ የመሰለው ሲሞቅ ጥቂት ፎቶ ይጨምራል። ከቀዝቃዛ መኪና ወደ አፋር ሙቀት በድንገት ሲወጡ ሌንሱ ላይ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ካሜራውን በተዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው የውጭውን ሙቀት እስኪለምድ ይጠብቁ።

ማታ የሚሠራ ሥራ

አንድ 128 ጊጋ ካርድ ከመያዝ ሁለት 64 ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ጉዞው ሁሉ አይጠፋም። በየማታው ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ፤ ዲስኩንና ካርዶቹን በአንድ ቦርሳ አያስቀምጡ። ቤት እስኪገቡ ድረስ ካርድ አይሰርዙ።

ሰው ማንሳት

ካሜራ ከማንሳትዎ በፊት ሰላምታ ይቅደም። «እማማ፣ ላንሳዎት?» የሚለው አንድ ጥያቄ ከማንኛውም ሌንስ የበለጠ ይሠራል። እምቢ ካሉ አመስግነው ይለፉ። በደቡብ ኦሞ ለአንድ ፎቶ ገንዘብ መክፈል የተለመደ ስለሆነ ዋጋውን በአስጎብኚው በኩል አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ከተነሣ በኋላ መከራከር ያስነውራል። ወታደራዊ ቦታ፣ ኬላ፣ አውሮፕላን ማረፊያና የመሳሰሉት አጠገብ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

«ፎቶውን እልክልዎታለሁ» ካሉ ይላኩ። አብዛኛው መንገደኛ ይህን ቃል ይገባል፣ ጥቂቱ ይፈጽመዋል፤ በዚህም የተነሣ ቀጥሎ የሚመጣውን ፎቶ አንሺ ሰዎች በጥርጣሬ ያዩታል። ለዚህ ደግሞ ትንሽ ደብተር ይበቃል። በዚያው ዕለት የሰውየውን ስም፣ የሰፈሩን ወይም የደብሩን ስም፣ ከጎኑም የፎቶውን ፋይል ቁጥር ይጻፉ። ስልክ የሌላቸው ከሆነ የአስጎብኚውን ቁጥር ይያዙ። ከተማ ሲመለሱ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትመው፣ ከጀርባው ስሙን በእርሳስ ጽፈው፣ በወፍራም ካርቶን መካከል አድርገው ወደዚያ በሚሄድ ሰው ይላኩ።